ጄኔሬተሩ የሐበሻ ሰዓት ይዞ ነበር

ስልኩ የተደወለልኝ እሑድ ከሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያለ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ነው፤ ስሙ ይቅር። የጥገና ኃላፊው የደወሉት ምርመራውን ጨርሰው ነበር። "የጉድጓዱ ፓምፕ ትሪፕ የሚያደርግበትን ምክንያት አግኝተነዋል። አንተ ፊለሩ በአንዴ እንዳይቆም ፕሮግራሙን ብቻ ታስተካክልልናለህ" አሉኝ። ትሪፕ ማለት መከላከያው ፓምፑን በድንገት ሲያቆመው ነው፤ ፊለር ደግሞ ጠርሙስ የሚሞላው ማሽን። በሽታው ታውቆ፣ መድኃኒቱም ታዝዞ የሚጠራ ሰው ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ የምይዘውን ዕቃ አበዛለሁ።

ፋብሪካው ሦስት ቦታ መቆጣጠሪያ አለው። አንዱ የጉድጓዱ ቤት ፒኤልሲ (ማሽን የሚመራ ትንሽ ኮምፒውተር) ነው። አንድ ኪሎሜትር ያህል ይርቃል፤ የሚገናኘውም በሬዲዮ ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ የሚሞላው የፊለሩ ፒኤልሲ ነው። ሦስተኛው የጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ስካዳ የሚባል የመከታተያ ፕሮግራም ይሰበስባቸዋል። የጄኔሬተሩን መዝገብ ማየት የፈለገ ሰው እዚያው ሄዶ፣ ትንሿ ስክሪን ፊት ቆሞ፣ ቁልፍ እየተጫነ ያነባል። በሌላ አነጋገር ማንም አያነበውም።

ነገሩ የሆነው ለሐሙስ አጥቢያ ነው። ስካዳው ላይ የተገኘው ይህ ነበር፦

02:11:50 ፊለር፦ የመግቢያ ግፊት ቀንሷል
02:12:13 ፊለር፦ ኦፕሬተሩ አቁሞታል
02:14:20 ጉድጓድ፦ ፓምፑ ትሪፕ አድርጓል

እንዲህ በተርታ ሲነበብ ታሪኩ ግልጽ ነው። ፊለሩ ላይ ግፊት ቀነሰ። ልጁ ደነገጠና ቀዩን ቁልፍ መታው። ማሽኑ በአንዴ ሲዘጋ ውሃው ወደ ኋላ መታ፤ ምቱም ፓምፑን ጣለው። ለሌሊት ኦፕሬተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት። እሱ ደግሞ "መጀመሪያ ውሃው ነው የሄደው፤ እኔ ያቆምኩት ግማሽ የተሞላ ጠርሙስ ማለፍ ሲጀምር ነው" እያለ ሲሟገት ሰነበተ። ማን ይስማው? ኮምፒውተሩ ሌላ እያለ።

እኔን የከነከነችኝ ሁለቷ ደቂቃ ናት። ቱቦ ውስጥ የግፊት ምት ፈጣን ነው። በብረት ቱቦ በሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በፕላስቲክ ያንሳል። ጉድጓዱ ያለው አንድ ኪሎሜትር ላይ ነው። ምቱ ቢዘገይ ቢዘገይ በጥቂት ሰከንድ መድረስ ነበረበት። ታዲያ ሁለት ደቂቃ ከ7 ሰከንድ መንገድ ላይ ምን ሲሠራ ቆየ?

ሰኞ ጠዋት ስገባ የመጀመሪያው ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ሆነ። ስልኬ ላይ ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ስክሪን ጎን እየያዝኩ፣ በሌላ ስልክ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አነሳሁ። ይህን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ፤ ከማስታወሻ ደብተር ይበልጣል፣ የሚከራከርህም የለም። ፊለሩ 4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። የስካዳው ኮምፒውተር 11 ሰከንድ ቀድሟል። ማክሰኞና ረቡዕ በዚያው ሰዓት ደግሜ አነሳሁ። ኮምፒውተሩ ያው ነው። ፊለሩ ግን በየቀኑ 1.7 ሰከንድ ያህል ይጎትታል። ወደ ኋላ ሲሰላ፣ ለሐሙስ አጥቢያ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ዘግይቶ ነበር ማለት ነው።

1.7 ሰከንድ ብልሽት አይደለም። እነዚህ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ያለው ሰዓት ልክ እንደ እጅ ሰዓታችን ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ከሚሊዮን 20 ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ ይሆናል፤ ለርካሽ ክሪስታል ያ የተለመደ ነው። ሙቀትም አይወድም። የተሠራው 25 ዲግሪ አካባቢ ልክ እንዲሆን ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል። የፊለሩ ፓነል ውስጥ እጄን ሳስገባ እንጀራ ምጣድ አጠገብ የቆምኩ መሰለኝ። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድን በ1.7 አካፍሉት፦ 148 ቀን። መስመሩ የተተከለው ከአምስት ወር በፊት ነው። የተከሉት ሰዎች ሰዓቱን ሞልተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ቀጥሎ ጄኔሬተር ቤት ሄድኩ። እዚያ ያሉት ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ስልኬ 10:52 ይላል። የጄኔሬተሩ ስክሪን 04:47።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው።"

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩኝ። "ምን ወደ ኋላ አለው? ጥቂት ደቂቃ ብትቀረው ነው እንጂ ልክ ነው!"

ልክ ናቸው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከ52 ነበር። ሰዓቱን የሞሉት ራሳቸው ናቸው፣ በሐበሻ።

መዝገቡን ወደ ኋላ እያገላበጥን ሄድን። ሐሙስ ምንም የለም። ረቡዕ ላይ ግን ሁለት መስመር አለ፦ 20:09:31 "የመስመር ፌዝ ጠፋ"፣ 20:09:35 "ተመለሰ"። ፌዝ ማለት ኃይል ከሚያመጡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ነው። የጥገና ኃላፊው ይህን አይተውታል። ረቡዕ ምሽት ሁለት ሰዓት ከ9 ላይ ነው ብለው አለፉት፤ የሌላ ሰዓት ነገር፣ ያውም የአራት ሰከንድ። አሁን ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ሰዓቱ 4 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይዘገያል፤ ስለዚህ 20:14:07። ስድስት ሰዓት ሲደመርበት ሐሙስ 02:14:07። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሳቅሁ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የተሞላ ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት አይደለም፤ ጎህ ሲቀድ ነው። ጄኔሬተሩ ለካ ቀን የሚቆጥረው እንደ አያቶቻችን ነበር። ለሐሙስ አጥቢያ የሆነውን "የረቡዕ ሌሊት" ብሎ መዝግቦልናል። የተሳሳተው እሱ አይደለም፤ ሦስቱን መዝገብ በአንድ ዓይን ያነበብነው እኛ ነን።

ሁሉም ሲታረም ሌሊቱ እንዲህ ሆነ፦

02:14:07 ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጠፋ
02:14:09 የጉድጓዱ ፓምፕ ትሪፕ አደረገ
02:16:02 ፊለሩ ላይ ግፊት ቀነሰ
02:16:25 ኦፕሬተሩ አቆመው

ልጁ እንዳለው ነው። ፌዙ በአራት ሰከንድ ተመልሷል። ጄኔሬተሩ ለመነሳት አሥር ሰከንድ ስለሚጠብቅ አልተነሳም። ፋብሪካው ውስጥ "መብራት ጠፋ" ያለ ሰው የለም። የፓምፑ ፌዝ ጠባቂ ሪሌይ ግን ፓምፑን ጣለው፤ ሰው ሄዶ ካልነካውም አይነሳም። ከዚያ በኋላ ፊለሩ የሠራው የግፊት ጋኑ ውስጥ በቀረው ውሃ ነው። ረቡዕ ከቀትር በኋላ መስመሩ እየሠራ ፓምፑን ሆን ብለን አጠፋን። የፊለሩ አላርም የጮኸው አንድ ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቆይቶ ነው። በዚያ ሌሊት አንድ ደቂቃ ከ53 ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ፌዙና ፓምፑ መሃል ያለችውን ሁለት ሰከንድ ከሰዓቱ ብቻ አላምናትም። እንዲህ በፎቶ የታረመ ሰዓት የጥቂት ሰከንድ ስህተት ይሸከማል። ፌዙ ቀድሟል ያልኩት የሪሌዩን የብልሽት ኮድ አይቼ ነው።

በትልቁም እንዲህ ሆኖ ያውቃል። በፈረንጆቹ ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ መብራት ጠፋ። መርማሪዎቹ ማን ማንን እንደጣለ ለማወቅ ሲነሱ ብዙዎቹ መዝገቦች ከአንድ የጋራ ሰዓት ጋር ያልተሳሰሩ ሆነው አገኟቸው። መብራቱ የጠፋው ከቤታችን ይሁን ያ ሁሉ ከተነሳበት ከኦሃዮ ግዛት፣ ጣጣው አንድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ "ታዲያ ሰዓቶቹን ዛሬውኑ ሙላቸውና እንገላገል" አሉኝ። መሙላት ቀላል ነው። ከአምስት ወር በኋላ ግን እዚያው ነን። መቆጣጠሪያዎቹ ራሳቸው እየጠየቁ የሚያስተካክሉበት መንገድ ነው የሚያስፈልገው። እሱም ከፈረንጆቹ 1985 ጀምሮ አለ። ዴቪድ ሚልስ የሚባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር የቀመሩት ነው፤ ኤንቲፒ ይባላል። ስልካችሁም ላፕቶፓችሁም በዚሁ ወይም በዘመዶቹ ነው የሚኖረው።

አሠራሩን ለጋሼ ያስረዳሁት በጀልባ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጀልባ ላኩ እንበል፤ ዘጌ ያለው ሰው ሰዓት ከእኔ በስንት እንደሚለይ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጀልባው ሲነሳ የእኔን ሰዓት እጽፋለሁ፦ 3:00። ዘጌ ሲደርስ ሰውየው የራሱን ይጽፋል፦ 4:10። ሲመልሰውም ይጽፋል፦ 4:20። እኔ ጋ ሲደርስ የእኔ ሰዓት 5:10 ነው። ጠቅላላው 130 ደቂቃ፤ ዘጌ የቆመበት 10 ሲቀነስ ሐይቅ ላይ የነበረው 120 ነው። መሄጃና መመለሻው እኩል ከሆነ 60፣ 60። ስለዚህ ዘጌ የደረሰው በእኔ 4:00 ነው፤ እሱ ግን 4:10 ጽፏል። ሰዓቱ በ10 ደቂቃ ይቀድማል። ኤንቲፒ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አራት ጊዜ ሰዓት ይጻፋል፣ ይቀናነሳል፣ ለሁለት ይካፈላል፣ አለቀ።

ጋሼ ወዲያው ያዙኝ። "ሲሄድ ነፋስ ከኋላው ቢሆንስ? ሲመለስ ፊት ለፊት ቢመታውስ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። መሄጃው 50፣ መመለሻው 70 ቢሆን የዘጌ ሰዓት የሚቀድመው በ20 ነበር፤ እኔ ግን 10 ብዬ አስቤያለሁ። የልዩነቱ ግማሽ ስህተት ሆኖ ይቀራል፣ ኤንቲፒም ራሱ ይህን ማወቅ አይችልም። የኢንተርኔት መስመር እንዲህ ያለ ሐይቅ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በኬብል የተዘረጋ ኔትወርክ ግን መንገዱ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። ነፋሱ ቢነፍስ ባይነፍስ ማን ግድ አለው።

ስለዚህ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ላለማምጣት ወሰንኩ። ይቋረጣል፤ ከዚያም በላይ የፒኤልሲ ኔትወርክን ለሰዓት ብሎ ወደ ውጭ መክፈት አይገባም። አንዲት ትንሽ ሊኑክስ ኮምፒውተር ገዛን፤ ከጂፒኤስ ተቀባይ ጋር አያያዝናት። ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት ይዘው ነው የሚዞሩት፤ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። ይህን ሁሉ በማይክሮ ሰከንድ የሚያስተካክል ፒቲፒ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል አለ፤ ለማከፋፈያ ጣቢያና እጅግ ለፈጠነ ማሽን ነው። ፒኤልሲው ራሱ ፕሮግራሙን ዞሮ ለመጨረስ 20 ሚሊ ሰከንድ በሚፈጅበት ቤት ግን የማይክሮ ሰከንድ ሰዓት ለሳር ቤት የወርቅ ጉልላት ነው።

ሥራው እንዳሰብኩት አልሄደም።

መጀመሪያ ከመርካቶ ያስመጣነው ርካሽ ተቀባይ ሰዓቱን ልክ፣ ቀኑን ግን ከ19 ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ አሳየ። "የእኛን ዘመን አቆጣጠር ገብቶት ነው" ብሎ አንዱ ቀለደ። የእኛ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። ጂፒኤስ ሳምንታትን እየቆጠረ 1,024 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው የዞረው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 6 ቀን 2019 ነው። የተቀባዩ ሶፍትዌር አሮጌ ከሆነ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ አያውቅም። መልሰን ሌላ ገዛን። በነገራችን ላይ ኤንቲፒም የራሱ ዙር አለው፤ በእኛ ጥር 29 ቀን 2028 ጠዋት ሦስት ሰዓት ከ28 ይዞራል። ያኔ ስልኬ እንዳይበዛ እጸልያለሁ።

አንቴናውን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ አይሞከርም፤ ሰማይ ማየት አለበት። ጣና ዳር ደግሞ የክረምት መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ከመብረቅ መከላከያው ዘንግ ዝቅ አድርገን ተከልነው፤ ኬብሉም ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ አለፈ።

ትልቁ ጥፋት የእኔ ነው። እሑድ መስመሩ ቆሞ ሳለ ፊለሩን ከሰርቨሩ፣ ማለትም ሰዓት ከምታድለው ከትንሿ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ሰዓቱ አራት ደቂቃ ከምናምን ወደ ፊት ዘለለ። ከመዝለሉ በፊት በፊለሩ ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነበር የቀረው፤ በየቀኑ ልክ 12 ሰዓት የሚነሳ የቱቦ እጥበት እንዳለ አላየሁም። ፕሮግራሙ የተጻፈው "ሰዓቱ 06:00 ሲሆን" ተብሎ እንጂ "ሲሆን ወይም ሲያልፍ" ተብሎ አይደለም። ሰዓቱ 06:00ን ዘሎ አለፋት፤ እጥበቱም ቀረ። ሰኞ ጠዋት የጥራት ክፍል ኃላፊዋ ደርሳበት መስመሩን አስቆመች። የገሠጸችኝን እዚህ አልጽፈውም። ሰዓት የምታስተካክሉ ሰዎች፣ በሰዓት የሚነሳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይታይ።

ሁሉም ከተስማማ በኋላም የጉድጓዱ አላርም በአሥር ሰከንድ ውስጥ ይዋልል ነበር። ሰዓቱን አንድ ቀን ሙሉ ስጠረጥር ዋልኩ። ለካ የጉድጓዱ ፒኤልሲ ክስተቱ ላይ ሰዓት አያትምም። ስካዳው በሬዲዮ በየአሥር ሰከንዱ "ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ሲደርስ የራሱን ሰዓት ይለጥፍበታል። ሰዓቱ ምንም ያህል ልክ ቢሆን፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የተጻፈበት ሳይሆን የደረሰበት ነው። ማኅተሙን ወደ ፒኤልሲው አወረድነው፤ ክስተቱ ከነሰዓቱ ተጠብቆ ይመጣል። ከስምንት ቀን በኋላ ፌዙ እንደገና ጠፋ፤ ቅደም ተከተሉም ያለ ምንም ስሌት ልክ ሆኖ ወጣ። የፓምፑ ሪሌይም አሁን ፌዙ ሲረጋ ጥቂት ጠብቆ ራሱ ይነሳል።

የቀረው የሰው ሰዓት ነው። መዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ይቀድመዋል። በዚያ ሰዓት የልጁ ሌሊት ረቡዕ 23:14 ይሆናል። ስካዳው ለሰው ሲያሳይ 02:14 ይላል። የሽፍት ደብተሩ ላይ ደግሞ "ሌሊት 8፡14፣ ለሐሙስ አጥቢያ" ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ስም። ኦፕሬተሮቹን በፈረንጅ ሰዓት እንዲጽፉ ማዘዝ ይቻል ነበር። አልፈለግኩም፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ የያዘው ሰው ስድስት እንዲደምርና እንዲቀንስ አይፈረድበትም። ስክሪኑ ላይ ከ24 ሰዓቱ ሥር የሐበሻውን ሰዓት በትልቁ አደረግኩላቸው። ለዕይታ ብቻ ነው፤ መዝገቡን አይነካም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከልጁ ፋይል ወጥቷል። ይቅርታ የጻፈለት ግን የለም።

ጄኔሬተሩ ኔትወርክ ስለማያውቅ በሲሪያል ገመድ የሚያናግረው መሣሪያ አድርገንለት፣ ሰርቨሩ በቀን አንድ ጊዜ ሰዓቱን ይሞላለታል። ትንሿ ስክሪኑ ሁለት ሰዓት ማሳየት አትችልም። ስለዚህ "የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አትንኩ" ብዬ ወረቀት ለጠፍኩባት። በወሩ ተመልሼ ሳየው ሥሩ በእስክሪብቶ "6 ቀንሱ" ተብሎ ተጽፏል፤ የጋሼ እጅ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ በሌላ ሰው እጅ፦ "ከምሽቱ 12 በኋላ 18"። ከሁሉም ሥር፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ የሌሊት ኦፕሬተሩ፦ "ከሌሊቱ 6 በኋላ ደምሩ"።